ከሦስት አታሳልፊ

ጳጉሜ 2 ቀን 2018

ይድረስ ለውዷ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወንድምሽ አንቺ ጋ ሰንብቶ መጥቶ ሁሉንም ነገረኝ። ለአዲሱ ዓመት አሥራ አንድ ዕቅድ ግድግዳ ላይ ለጥፈሻል፤ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓትም መብራት አታጠፊም አለኝ። ደነገጥሁ። ወረቀቱን አውርጂና ሦስት ብቻ ጻፊ፦ አንድ የሥራ፣ አንድ የገንዘብ፣ አንድ የራስሽ። ከሦስት አታሳልፊ።

የሥራው ኤሲሲኤ የሚሉት ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሙያ ፈተና ይሁን፤ ግን መስከረም ላይ አትጀምሪው። የደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች ሂሳባቸውን የሚያሳውቁበት ጊዜ ጥቅምት 30 ነው የሚያበቃው፤ እስከዚያ የሂሳብ ሠራተኛ አምሽቶ እንደሚገባ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። በዚያ ድካም ላይ የተጀመረ ጥናት ሁለት ሳምንት አይዘልቅም፤ ከዚያ ሰነፍ ነኝ ብለሽ ራስሽን ትወቅሻለሽ፣ ጥፋቱ ግን የቀኑ ነበር። ኅዳር 1 ጀምሪ። እስከ ማርቹ ፈተና 15 ሳምንት ገደማ አለሽ፤ ገናና ጥምቀት ሁለቱን ቢበሉብሽ 13 ይቀርሻል። ማክሰኞና ሐሙስ ከንጋቱ 11 እስከ 1 ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ ለአራት ሰዓት ያህል ብታጠኚ በሳምንት 8፣ በጠቅላላው 104 ሰዓት ይሆናል። ይሄ ለአንድ የትምህርት ዓይነት ፈተና ነው፤ ለሁለት እንዳትመዘገቢ። ምዝገባው ከፈተናው ቀድሞ ስለሚዘጋ ቀኑን አሁኑኑ ስልክሽ ላይ አስገቢ።

አንድ ሳምንት ቢያመልጥሽ በቀጣዩ 16 ሰዓት ላጥና አትበይ። ብዙ ሰው ዕቅዱን የሚተወው ያኔ ነው፤ ዕዳው ሲቆለል ደብተሩን ማየት ራሱ ያስጠላል። ያለፈውን ተይውና በ8ቱ ቀጥዪ።

«ገንዘብ ማጠራቀም» ብለሽ የጻፍሽው ምኞት ነው። መስከረም የበዓል ወጪ ስላለበት ከጥቅምት ደመወዝ ጀምረሽ፣ ገንዘቡ በገባበት ቀን፣ ኪራይ ሳትከፍዪ፣ ከመቶ አሥሩን ወደ ሌላ ሂሳብ አዛውሪ። የሦስት ወር ወጪሽ እስኪሞላ አዲስ እቁብ አትግቢ፤ ብትታመሚ የእቁብ ቀን አይጠብቅሽም።

የራስሽ የምልሽ እንቅልፍ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ መብራት ይጥፋ። በዚህ አልደራደርም።

አንደኛ ወጥተሽ ካርድሽን ስታመጪ «ሂሳብ ለምን 96 ሆነ?» እያልሁ ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ። ወንድምሽ አሥራ አንዱን ሲቆጥርልኝ የራሴን ድምፅ ሰማሁበት። እንዲያ ባላልሁሽ ኖሮ እያልሁ ስንት ሌሊት ተገላበጥሁ። ይቅር በይኝ እናቴ።

ሽሮ በወንድምሽ ጓደኛ ልኬልሻለሁ፤ እርጥብ ማንኪያ እንዳታስገቢበት፣ ይሻግታል።

በየወሩ የመጨረሻው እሑድ ሃያ ደቂቃ ተቀምጠሽ ወረቀቱን እዪው። መቀነስ ይቻላል፣ መጨመር የለም። መንጃ ፈቃዱና ማስተርሱ ለ2020 ይቆዩ። መጪው ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜ 6 ቀን ናት፤ የሚቀጥለውን ዓመት ያኔ ታስቢበታለሽ። ሦስት ብያለሁ፣ ሦስት።

እንቁጣጣሽ ዓርብ ስለሚውል ዶሮው ለቅዳሜ ነው። ፈቃድ ከሰጡሽ ሐሙስ በጠዋት ተሳፈሪ፤ ካልሰጡሽ ቅዳሜ ከሰዓት ደውዪልኝ፣ አባትሽም ድምፅሽን ይስማ።

እናትሽ