ካርቱኑ «አደገ» ስትሉ ከነከነኝ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን እዚህ ደብረ ብርሃን እየተቀባበልን ነው የምናነበው። አንዱ ይገዛል፣ አምስታችን እናነባለን። እኔ ጋ ሲደርስ ጠርዙ ተጣጥፎ የቡና ጠብታ አርፎበታል። በመዝናኛ ገጻችሁ ላይ ስለ «ቢዩቲ ኤንድ ዘ ቢስት»፣ ስለ ቆንጆዋና አውሬው ማለት ነው፣ የወጣውን ጽሑፍም እንደዚሁ ዘግይቶ አገኘሁት። ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በ1991 በሥዕል የተሠራው ፊልም በ2017 በተዋንያን እንደገና ሲሠራ «አደገ» ይላል። የልጆች ካርቱን የነበረው አሁን «እውነተኛ ፊልም» ሆነ ይላል። እነዚህ ሁለት ቃላት ከነከኑኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከራሴ አልወጡም፣ ስለዚህ ልጻፍላችሁ ብዬ ተነሳሁ።

መምህርት ነኝ፣ አንደኛ ደረጃ ነው የማስተምረው። የሰባት ዓመት ልጅ አለችኝ። እናቴ ደግሞ ለሕክምና ከመንዝ መጥታ እኛ ጋ ነው ያለችው። ሁለቱንም ፊልም ፍላሽ ላይ አስጭኜ ሦስታችን አብረን አየናቸው፤ አንድ ቅዳሜ የድሮውን፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲሱን።

ለእናቴ የምተረጉምላት እኔ ነኝ። ገና ሲጀምር አንዲት ምስኪን አሮጊት በብርድ ሌሊት የልዑሉን በር ታንኳኳለች። አንዲት ጽጌረዳ ይዛ፣ ይህቺን ልስጥህና አሳድረኝ ትለዋለች። መልኳን አይቶ ይመልሳታል። አሮጊቷ ለካ አስማተኛ ኖራ አውሬ ታደርገዋለች። ይህን ስነግራት እናቴ ባናዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አድርጋ «የመሸበት እንግዳ መለሰ? በዚህ ብርድ? እንኳንም አውሬ ሆነ!» አለች። ከዚያ በኋላ ብዙም ትርጉም አላስፈለጋትም። በታኅሣሥ ውርጭ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ያለን ሰው ደጅ ላይ መተው ምን ማለት እንደሆነ መንዝ ላደገ ሰው ማን ያስረዳዋል? ትንሽ ቆይታ ደግሞ የአንበሳውን ፀጉር ተረት አነሳች። ባሏ ያስቸገራት ሴት መላ ፍለጋ ሽማግሌ ጋ ስትሄድ የአንበሳ ፀጉር ነቅለሽ አምጪ ይላታል፤ እሷም በየቀኑ ሥጋ እየወረወረችለት፣ አንድ እርምጃ አንድ እርምጃ እየቀረበች ታላምደዋለች። ቆንጆዋም አውሬውን እንዲሁ ቀስ በቀስ ነው የምታላምደው። «ያው እኮ ነው» አለች እናቴ። የፈረንጅ ነው ያልኩት ተረት በአንድ ምሽት የራሷ ሆነ።

ልጄ ደግሞ አውሬውን እንዳየች «ጓሳ ያየነውን ጭላዳ ይመስላል!» አለች። አልተሳሳተችም። አውሬውን የሣለው ግሌን ኪን የሚባል ሰው ነው። ጋማውን ከአንበሳ፣ የራሱን ቅርጽ ከጎሽ፣ ቅንድቡን ከጎሪላ፣ የውሻ ክራንቻውን ከከርከሮ፣ ገላውን ከድብ፣ እግሩን ከተኩላ ወስዶ አንድ ላይ አዋሃዳቸው። ዓይኑን ብቻ የሰው አደረገው። እስቲ አስቡት፣ የትም ጫካ ብትዞሩ የማታገኙት እንስሳ ነው፣ ግን ዓይኑን ስታዩት ውስጡ የተቀመጠውን ሰው ታውቁታላችሁ። ይህን የሠራው በእርሳስ ነው። አደገ የምትሉን ይሄ ምን ጎድሎት ነው?

ያ ፊልም 84 ደቂቃ ብቻ ነው። ለምርጥ ፊልም ኦስካር ለመታጨት በሥዕል ከተሠሩት ሁሉ የመጀመሪያው ነው፤ በሙዚቃውና በዘፈኑም ሁለት ኦስካር ወስዷል። ዜማውን የሠራው አለን ሜንከን፣ ግጥሙን የጻፈው ሃዋርድ አሽማን ነው። አሽማን ይህን ሥራ ሲሠራ ታሞ ነበር። ፊልሙ ኅዳር ላይ ሲወጣ እሱ ቀድሞ በመጋቢት አርፏል፣ በ40 ዓመቱ። መጨረሻ ላይ ጓደኞቹ ያስቀመጡለት መታሰቢያ አለ፤ ለባሕር ልጇ (ቀደም ሲል ግጥም የጻፈላት ሌላ ፊልም ናት) ድምፅ፣ ለአውሬው ነፍስ የሰጠ ይሉታል። እኔ ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ዝም እላለሁ። ዘፈኑን በልጅነቴ አክስቴ ቤት ነው የሰማሁት። በሰፈሩ ዴክ የነበራቸው እነሱ ብቻ ስለነበሩ ምንጣፉ ላይ ተኮልኩለን ነበር የምናየው፣ እንግሊዝኛው አንዲት ቃል ሳይገባን ዜማውን እያንጎራጎርን ወደየቤታችን ሄድን።

አሁን ወደ አዲሱ። ሙሉ በሙሉ ጠልቼዋለሁ አልልም፣ ውሸት ይሆናል። አንድ በጣም የወደድኩት ነገር አለ። ቆንጆዋ፣ ቤል፣ ልብስ የሚያጥብላት በእንስሳ የሚዞር በርሜል ትሠራለች፤ በተረፋት ጊዜ አንዲት ትንሽ ልጅ ማንበብ ታስተምራለች። የመንደሩ ሰዎች ይህን ሲያዩ ተቆጥተው ልብሷን መሬት ላይ ይደፉባታል። መምህርት ስለሆንኩ ይሆናል፣ እዚህ ላይ ሆዴ ተላወሰ። ይሄ በድሮው ውስጥ የለም፣ ጥሩ አድርገው ነው የጨመሩት። ቤል ስትሄድበት አውሬው ብቻውን የሚዘፍነው አዲስ ዘፈንም ያምራል፤ ዜማው የዚያው የሜንከን ነው።

ግን ፊታቸው! የቤቱ ዕቃዎች ፊት! በግቢው ውስጥ አገልጋዮቹ ሁሉ ወደ ዕቃ ተለውጠው የለ? አንዱ መቅረዝ፣ አንዱ ሰዓት፣ አንዷ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ ልጇ ደግሞ ስኒ። በሥዕሉ ላይ የማንቆርቆሪያዋ አፍንጫ ሻይ የሚወርድበት ነው። ክዳኗ ባርኔጣዋ ነው። ስትስቅ ሆዷ ይስቃል፣ ልጇን ስትቆጣ እንፋሎት ይወጣታል። እናት ናት፣ ማንም ሳይነግራችሁ እናት መሆኗን ታውቃላችሁ። በአዲሱ ውስጥ ግን እውነተኛ የሸክላ ዕቃ ትምሰል ተብሎ ፊቷ ጎኗ ላይ ተስሎ ተቀምጧል፣ እንደ ስኒ አበባ። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ሌላው ደርቋል። ልጄ ጥቂት አየችና ወደኔ ዞራ «እማዬ፣ ይቺ ማንቆርቆሪያ ለምን አኮረፈች?» አለችኝ። ምን ልበላት? አላኮረፈችም ልጄ፣ እውነተኛ እንድትመስል ፈልገው ነው ልበላት?

ይሄ ነው ዋናው ነገሬ። በዚያ ላይ «እውነተኛ» የምትሉት ነገር እውነተኛም አይደለም። ዳን ስቲቨንስ የሚባለው ተዋናይ ልዩ ልብስ ለብሶ ተጫወተ፣ የአውሬውን ፊትና ጋማ ግን ኮምፒውተር ነው የሠራው። ማንቆርቆሪያዋም፣ መቅረዙም፣ ሰዓቱም እንደዚያው። ስለዚህ ያም ሥዕል ነው፣ ይሄም ሥዕል ነው። የድሮው ሥዕል መሆኑን አይደብቅም፣ አዲሱ ይደብቃል። ስለሚደብቅም ቅንድብ ከልክ በላይ ማንሳት፣ ሆድ ማሳቅ፣ አፍንጫን በሻይ መውረጃ መሥራት አይችልም። የራሱን እጅ አስሮ ነው የተነሳው።

ሌላው ማብዛቱ ነው። 84 ደቂቃ የነበረው 129 ሆኗል። ትርፉ ጊዜ በአብዛኛው የገባው ማስረጃ ላይ ነው። የቤል እናት የት ሄደች? ይኸው በአስማት መጽሐፍ ፓሪስ ድረስ ወስደው በወረርሽኝ መሞቷን ያሳዩናል። ልዑሉ ለምን ክፉ ሆነ? ለሱም አባቱን ያመጡልናል። ተረት እኮ ማስረጃ አይጠየቅም። «በድሮ ጊዜ አንድ ንጉሥ ነበር» ሲባል የት አገር፣ ስሙ ማን ይባላል ብሎ የሚያቋርጥ ልጅ እናቴ ፊት ቢቀመጥ ሁለተኛ አይተረትለትም።

እንደገና መሥራት ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። ተረቱ ራሱ ስንቴ ተሠርቷል። ማዳም ደ ቪልነቭ በ1740 ረጅም አድርጋ ጻፈችው፣ በ1756 ማዳም ደ ቦሞን አሳጠረችው፤ የ1991ዶቹ ደግሞ መቅረዙንና ማንቆርቆሪያዋን አናገሯቸው። ሁሉም ተረቱን ወስደው በራሳቸው አፍ ተረቱት። የ2017ቱ ግን የሌላውን ሰው አፍ ነው የቀዳው፤ ያንኑ ዘፈን፣ ያንኑ ቢጫ ቀሚስ፣ ያንኑ ጭፈራ። ገበያው ገብቶኛል፣ በዓለም ዙሪያ ከ1.2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ከዚያ ወዲህም አላዲን በ2019፣ የባሕሯ ልጅ በ2023፣ የ1937ቷ ስኖው ዋይት ደግሞ በ2025 እንዲሁ ተሠሩ። ይሥሩ። እናንተ ግን ገንዘቡን ዕድገት አትበሉብን።

አዲሱን ስናይ መሃል ላይ መብራት ጠፋ፤ እኛ ጋ ብርቅ አይደለም። እናቴ በጨለማው «ታዲያ ከዚያስ?» አለች። ሻማ ለኮስኩ። ልጄ ሮጣ ረከቦቱን አመጣች። ጀበናዋን እናት አደረገቻት፣ ሲኒዋን ልጅ፣ ሻማውን መቅረዙ አደረገችው። ከዚያ የቀረውን በሙሉ ተረተችልን። ስትተርት አንድም ጊዜ ፓሪስ አልሄደችም። የአስማት መጽሐፍ የለም፣ ወረርሽኝ የለም። ጀበናዋ በአፍንጫዋ ዘፈነች፣ ሲኒዋ ሳቀች፣ አውሬው በአያቷ ባና ተጠቅልሎ ታመመ። አዲሱን ስታይ ቆይታ የተረተችው የድሮውን ነው።

አባባ ተስፋዬ ትዝ አሉኝ። በቴሌቪዥን ተቀምጠው ሲተርቱልን ከፊታቸውና ከድምፃቸው ሌላ ምን ነበራቸው? ጅብ ሲሆኑ ጅቡን አየነው፣ ጦጣ ሲሆኑ ጦጣዋን አየናት። ያረፉት ይህ አዲሱ ፊልም በወጣበት በዚያው በ2009 ዓ.ም. ነው፣ ሐምሌ ላይ። እሳቸው እውነተኛ ጅብ አምጥተው ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ከምንጣፉ ላይ ተነስተን በሮጥን ነበር።

ስለዚህ ልመናዬ ቀላል ነው። በሥዕል የተሠራ ፊልም በሰው ሲሠራ «በተዋንያን እንደገና ተሠራ» በሉ፣ ይበቃል። «አደገ» አትበሉ፣ «እውነተኛ ሆነ» አትበሉ። የተዋንያኑን ስም እንደምትደረድሩ ሁሉ የሣሉትንም ሰዎች ስም ጻፉልን። ክፍሌ ውስጥ ደብተራቸው ጀርባ ላይ ጭላዳ፣ በግ፣ የሚስቅ ጀበና የሚሥሉ ልጆች አሉ፤ ጋዜጣችሁን ሳነብላቸው የሥዕል ሥራ ገና ያላደገ ነገር ነው ብዬ እንዳነብላቸው አታድርጉኝ።

እናቴ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ መንዝ ትመለሳለች። ከመሄዷ በፊት አንዴ እንደገና እንየው ተባብለናል፣ የድሮውን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን