የሥነ ሕይወት ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ በቤት የሚሠራ ሙከራ እንዴት ይመረጥ?

ክበባችን በዚህ ዓመት ዋና ተግባሩ ያደረገው አባላቱ በየቤታቸው ሊሠሯቸው የሚችሉ ሙከራዎችን መርጦ መፈተሽ ነበር። ሳይንስ የሚወድ ልጅ ያላቸው ወላጆች «ምን እናሠራው?» እያሉ ደጋግመው ስለጠየቁን፣ መልሱን ከአባላቱ የሙከራ ደብተር ለማግኘት ወሰንን።

የመጀመሪያው ምርጫ የእኔ ነበር፤ አልሰመረም። ዐይን የሚስበው ይቅደም ብዬ ከሙዝ ዲኤንኤ የማውጣቱን ሙከራ አስጀመርኩ። የተደቆሰ ሙዝ ጨውና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ባለበት ውኃ ተበጥብጦ ከተጣራ በኋላ በጣም የቀዘቀዘ አልኮል በዝግታ ሲፈስበት፣ ነጭ ክር መሰል ነገር ይታያል። ልጆቹ ተደነቁ፤ ነገር ግን ሳሙናው የሕዋሱን ሽፋን ማፍረሱን ከእኔ ሰሙ እንጂ ራሳቸው ስላልደረሱበት፣ ከአድናቆቱ ቀጥሎ የመጣ ጥያቄ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ መመዘኛችንን ለወጥን። ልጁ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ፣ የሚሆነውን አስቀድሞ ገምቶና ጽፎ፣ ግምቱን ከውጤቱ ጋር ማስተያየት የሚችልበት ሙከራ እንዲቀድም ተስማማን።

በዚህ መመዘኛ ባቄላን የሚስተካከል አላገኘንም። በብርጭቆ ግድግዳና በረጠበ ሶፍት መካከል የተቀመጠ የባቄላ ፍሬ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥር ስለሚያወጣ፣ የልጁ ትዕግሥት ሳያልቅ የሚታይ ነገር ይኖራል። አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሥሩ ጥቂት ከረዘመ በኋላ ብርጭቆውን በጎኑ አጋደመችው፤ ጫፉም ታጥፎ ወደ ታች ማደጉን ቀጠለ። ጓደኛዋ «ብርሃን ሽሽት ይሆናል» ብሎ ሲከራከራት፣ ሙከራውን በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ደገመችው፤ ሥሩ በጨለማም ወደ ታች ታጠፈ። በሥሩ ጫፍ ባሉ ሕዋሳት ውስጥ ከባድ የስታርች ቅንጣቶች ወደ ታች እንደሚዘቅጡና ለሥሩ አቅጣጫ እንደሚጠቁሙ የነገርኳት ይህን ሁሉ ከጨረሰች በኋላ ነው። መልሱን ቀድሜ ብሰጣት ኖሮ ቁም ሣጥኑን የምትከፍት አይመስለኝም።

እርሾም ጥሩ አስተማሪ ሆኖልናል። ደረቅ እርሾና ለብ ያለ ውኃ በሁለት ጠርሙሶች ይደረግና ስኳር በአንዱ ብቻ ተጨምሮ አፋቸው ላይ ፊኛ ሲገጠም፣ ስኳር ያለበት በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል። አንድ አባል ቸኩሎ የፈላ ውኃ ስለተጠቀመ ፊኛው ሳይነፋ ቀረ፤ ያፈረበትን ይህን ውጤት ሳይሰርዝ በመመዝገቡ ግን፣ እርሾ ሕይወት ያለውና በሙቀት የሚሞት መሆኑን ለክበቡ ያሳየ እርሱ ነበር። በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ እንቁላልም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠራው ቅርፊቱ ሟሙቶ በስሱ ሽፋን ብቻ ይቀራል፤ በንጹሕ ውኃ ሲቀመጥ ያብጣል፣ በወፍራም የስኳር ውኃ ሲቀመጥ ይሟሽሻል። የፈነዱብን ብዙ ስለነበሩ ትሪ ከሥሩ ማኖር፣ እንቁላሉን አለመብላትና እጅን በሳሙና መታጠብ ግድ ነው። ለትንንሾቹ ደግሞ ከዝላይ በፊትና በኋላ የልብ ምትን ለ1 ደቂቃ መቁጠር በቂ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከዝርዝራችን ያስወጣናቸውም አሉ። ከአፍ ወይም ከእጅ የተወሰደ ባክቴሪያን በቤት ማራባት የሚበቅለው ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ ቀርቷል፤ በቅጠል ውስጥ ስታርችን ለመፈለግ አልኮል ማሞቅም በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ ለትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ተትቷል። የዳቦ ሻጋታን የፈቀድነው ዳቦው በሚያሳይ ከረጢት ታሽጎ፣ ሳይከፈት ታይቶ፣ ከነከረጢቱ እንዲጣል ነው።

ባቄላውን ያጋደመችው ተማሪ በደብተሯ መጨረሻ ላይ «ብርጭቆው ሳያቋርጥ ቢዞርስ?» የሚል ጥያቄ ጽፋለች። እንግሊዛዊው ቶማስ አንድሩ ናይት በውኃ ኃይል በሚሽከረከር ጎማ ላይ ዘር አብቅሎ፣ ሥሮቹ ወደ ውጭ፣ ቡቃያዎቹ ወደ መሐል እንዳደጉ በ1806 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ይህን ገና አልነገርኳትም፤ በመጪው ዓመት የክበቡ የመጀመሪያ ሥራ የሚሽከረከር ሳሕን መሥራት ይሆናል።