በማን ክንድ? የዕደ ጥበብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘገባ ሲባል ቁጥር መጠየቁ አይቀርም። አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። በጥቅምት ወር 23 አባላት ነበርን፤ ግንቦት ላይ 14 ቀረን። ሰባት መቅዘፊያ ሠራን። አንዱ ተሰብሯል። አንዱ የእኔ ነው፤ እሱ ባይቆጠር ደስ ይለኛል።

አምና የሠራነው በርጩማና የመጽሐፍ መደርደሪያ ነበር። ዘንድሮ ልጆቹ "ሌላ ነገር" አሉ። ባሕር ዳር ያደገ ልጅ ሌላ ነገር ሲል ዓይኑ ወደ ጣና ነው የሚሄደው። እኔም የፊዚክስ መምህር ነኝና ሲከነክነኝ የኖረ ጥያቄ ነበረኝ። የታንኳ ቀዛፊዎቻችን የሚይዙት ጠፍጣፋ ምላስ የሌለው ዘንግ ነው። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ይሰዱታል። ታንኳው ግን ይሄዳል። በዚያ ቀጭን ዘንግ እንዴት? ይህን ሳጠያይቅ ግሪንላንድ ደረስኩ።

ኢኑዊት የሚባሉት የግሪንላንድ ነባር ሕዝቦች ለአደን ሲጠቀሙበት የኖሩት ካያክ የሚባል ጠባብ ጀልባ አላቸው። በእንጨት አጽም ላይ የባሕር እንስሳ ቆዳ ወጥረው ነበር የሚሠሩት። መቅዘፊያው አንድ ወጥ እንጨት ሆኖ በሁለቱም ጫፍ ምላስ አለው። ምላሱ ረጅም ነው፤ ስፋቱ ግን ከመዳፍ እምብዛም አይበልጥም። አገሩ አብዛኛው በረዶ ነው፤ ደን የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ እንጨቱ ከየት መጣ? ከሳይቤሪያ። ወንዞች ወደ ባሕር የጣሉት ግንድ ከበረዶ ጋር ዓመታት ተንሳፍፎ ዳርቻቸው ላይ ይወድቃል። እሱን ለቅመው ይጠርቡ ነበር። ጫፉ በበረዶ እንዳይጎዳ ደግሞ አጥንት ይገጥሙበት ነበር። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ በጣም አዘኑላቸው። ሐዘኑ የቆየው እዚህ የጣውላ ዋጋ እስኪጠይቁ ድረስ ነው።

እኔን የማረከኝ ልኩ ነው። ሜትር አያስፈልግም። ሁለት እጅ ግራና ቀኝ ይዘረጋል። ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ባለው ላይ አንድ ክንድ ይጨመራል። ርዝመቱ ይኸው ነው። የመሃሉ መያዣ የትከሻ ስፋት ያህል ይሆናል። የምላሱ ስፋት ደግሞ በእጅ ተጨብጦ የሚያዝ፣ ስምንት ሳንቲ ሜትር ገደማ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናዘዝ። ቁመቴ ረጅም ነው። የራሴን ለካሁና 2.25 ሜትር ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። የእኛ ተማሪ ደግሞ ሰሌዳ ላይ ያየውን መገልበጥ ማን ብሎት! ሁለት ጣውላ ተቆርጦ፣ ግማሹ ከተላገ በኋላ ነው አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እንጨቱን ከራሷ ጋር አቁማ ያየችው። "ቲቸር፣ ይሄ የማን ክንድ ነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ሲባጎ ገዛን። ሁሉም የየራሱን ዝርጋታና ክንድ ለክቶ ቆረጠ፤ ስሙን ጽፎ አሰረበት። የእሷ 1.98 ወጣ።

እንጨት መምረጡም ትምህርት ነበር። መጀመሪያ ባሕር ዛፍ ያዝን፤ ርካሽ ነው። ሲደርቅ ተጣመመ፤ ክብደቱም እጅ ይሰብራል። ዋንዛ ያምራል፤ ግን ሦስት አራተኛውን ፍቅፋቂ ለሚያደርግ ጀማሪ ዋንዛ መስጠት ግፍ ነው። በመጨረሻ የፈረንጅ ጥድ ላይ ረጋን። ቀለል ይላል፣ መስመሩም ቀጥ ያለ ነው። ክፋቱ ጉጥ ይበዛበታል። አንዱን ጣውላ "ምን ይላታል" ብለን ጉጡን አንገቱ አካባቢ ትተን ሠራንበት። የተሰበረው እሱ ነው። ከዳር ድንጋይ ገፍተን ስንነሣ ልክ ከጉጡ ላይ ቀጭ አለ።

መላጊያ ሁለት ብቻ ስለነበረን የሠራነው በሰልፍ ነው። ደንቡ አንድ ነበር፤ በእርሳስ የተሰመረው የመሃል መስመር እስከ መጨረሻው አይላግም። ሆኖም ያላጠፋው ልጅ የለም። ማለስለሻው ብርጭቆ ወረቀት፣ ቅባቱ የተልባ ዘይት። ቨርኒሽ አልፈለግንም፤ እጅ ያንሸራትታል። የተልባ ዘይት ግን ለመድረቅ ትዕግሥት ይፈታተናል። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ራሱን አግሎ በእሳት ሊያያዝ ስለሚችል ሽቦ ላይ ዘርግተን እናሰጣ ነበር። "የማነው ልብስ?" እያሉ የተቆጡት የጥበቃ አባት ይህን ያነቡታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ውኃ ላይ የወጣነው በሚያዝያ ወር በሁለት ቅዳሜዎች ብቻ ነው። የወላጅ ፊርማ፣ የተንሳፋፊ ጃኬት፣ ጉማሬ ከሚዘወተርበት መራቅ፣ ንፋስ ሳይነሣ በጠዋት መመለስ። የባዮሎጂ መምህሯ በቢልሃርዚያ ምክንያት ዳር ላይ እግሩን የነከረ ሁሉ ክበቡን ይለቃል ብለው አስጠንቅቀዋል። ካያክ ስለሌለን ታንኳ ተከራየን። ያከራዩን አባት ከነገደ ወይጦ ናቸው፤ ከደንገል ታንኳ ማሰር ከአባታቸው የወረሱት ሥራ ነው። መቅዘፊያችንን አገላብጠው አዩና "ለሠርግ ወጥ ማማሰያ ይሆናል" አሉ።

መጀመሪያ ላይ እውነታቸውን መሰለን። ምላሱ ውኃ ውስጥ እየተርገበገበ ያስቸግር ነበር። ዘዴው የላይኛውን ጠርዝ ትንሽ ወደ ፊት ማዘንበል ነው። ያኔ ውኃውን እየሰነጠቀ ይገባና ጸጥ ይላል። ጠባብ መሆኑም ጥቅሙ ታየን። ትከሻ አያደክምም፤ ከውኃ በላይ ያለውን ጫፍም ንፋስ አይይዘውም። የዘንጉም ምስጢር ከዚህ ብዙ አይርቅም ብዬ እገምታለሁ፤ ስፋት የጎደለውን ርዝመት ይክሰዋል። አባትየው የእኛን ሞክረው "ክፉ አይደለም" አሉ። ከዚያ ዘንጋቸውን አንሥተው ከጎበዙ ልጃችን ጋር እስከ ደንገሉ ጫፍ ደርሶ መልስ ተወዳደሩ። ማን እንዳሸነፈ የሚጠይቅ ካለ ሳቃቸውን ዳር የቆመ ሁሉ ሰምቷል።

ሰባተኛው መቅዘፊያ የአንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነው። በታኅሣሥ ተለክቶ የጀመረውን በግንቦት ጨረሰ፤ እጁ ዝግ ያለ ግን ንጹሕ ነው። ሲጨርስ ለወጉ ብለን በሲባጎው እንደገና ለካነው። ዝርጋታው አራት ሳንቲ ሜትር ጨምሯል። ልጁ ትንሽ አሰበና "ቲቸር፣ እንደ ግሪንላንዶቹ ጫፍ ጫፉ ላይ አጥንት ብንገጥምበትስ?" አለኝ። በማግስቱ ከሥጋ ቤት አጥንት ለምኖ መጣ። የክበቡ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ሽታው ከየት ነው እያላችሁ ስትጠይቁ የነበራችሁ የ10ኛ "ለ" ክፍል ተማሪዎች፣ ይቅርታ።