ጉዳዩ፦ ወደ ሞንሳንቶ መንደር በተደረገው ጉዞ ስለተጓደለው አገልግሎት የቀረበ ቅሬታ

ለአስጎብኚ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፦

የማኅበራችን አባላት ወክለውኝ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው፣ ባለፈው ነሐሴ ወር በድርጅታችሁ አዘጋጅነት በፖርቱጋል ምሥራቃዊ ድንበር አጠገብ ወደምትገኘው ሞንሳንቶ መንደርና በዙሪያዋ ወዳሉት ታሪካዊና ተፈጥሯዊ ስፍራዎች ባደረግነው ጉዞ የደረሰብንን የአገልግሎት ጉድለት ለማስታወቅና ተገቢው ማስተካከያ እንዲደረግ ለመጠየቅ ነው። የጉዞውን ዋጋ ሙሉ በሙሉ አስቀድመን ከፍለናል፤ ደረሰኙና በአማርኛ ያሳተማችሁት የጉዞ መግለጫ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል። ያስከፈላችሁን በመግለጫው ለተጠቀሱት ቦታዎችና ቦታዎቹን አውቆ ለሚያስረዳ ሰው ነበር፤ ያገኘነው ግን ረጅም የአውቶቡስ ጉዞና በየመሐሉ የተፈቀደ የፎቶግራፍ ፋታ ብቻ ነው።

ከመግለጫው ልጀምር፤ ስሕተቱ የሚጀምረው ገና እዚያው ነውና። የመጀመሪያው ገጽ ሞንሳንቶ «በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች» መሆኗን ይናገራል። ሞንሳንቶ በዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ የለችም። መንደሯ የምትገኘው እ.ኤ.አ. በ2006 ከፖርቱጋል የመጀመሪያው ሆኖ የዓለም አቀፍ ጂኦፓርኮች (በድንጋዮቻቸውና በመሬት አቀማመጣቸው ልዩነት የሚጠበቁ ክልሎች) መረብን በተቀላቀለውና ዛሬ የዩኔስኮ ጂኦፓርክ በሆነው በናቱርቴዦ ክልል ውስጥ ነው፤ ይህ ደግሞ በራሱ ትልቅ ክብር ስለሆነ የሌላውን ስም መዋስ አያስፈልገውም ነበር። እዚያው ገጽ ላይ መንደሯ «የፖርቱጋል ላሊበላ» ተብላለች። ከእኛ ወገን ብዙዎቹ ገንዘባቸውን ያወጡት ይህን ቃል አምነው ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ላሊበላ ከወጥ አለት ተፈልፍሎ የወጣ የሰው እጅ ሥራ ነው። የሞንሳንቶ ሰዎች ግን ድንጋዩን አልፈለፈሉትም። ግራናይቱ ገና ከአፈር በታች ሳለ ውኃ በስንጥቆቹ እየገባ ማዕዘኑን አሟሙቶታል፤ ኋላም አፈሩ ሲታጠብ ድቡልቡሉ ቋጥኝ በኮረብታው አናትና ጎን ላይ ተከምሮ ቀርቷል፤ ነዋሪዎቹም በቋጥኞቹ መካከል ግንብ እየሞሉ፣ አንዱን ግድግዳ ሌላውን ጣሪያ እያደረጉ ኖረውበታል። ነገሩ ሌላ፣ ውበቱም ሌላ ነው። ይህን አስቀድማችሁ በትክክል ብትጽፉት ኖሮ እናቶቻችን «ቤተ ክርስቲያኑ የት አለ?» እያሉ በየመንገዱ ባልተንከራተቱ።

በመርሐ ግብሩ መሠረት መንደሯ የምንደርሰው ፀሐይ ሳትበረታ፣ ማለዳ ላይ ነበር። ይሁን እንጂ አውቶቡሱ በመርሐ ግብሩ ያልተጻፈ ሰፊ የመታሰቢያ ዕቃ መደብር በር ላይ ቆሞ ረፋዱን በሙሉ እዚያ አሳለፍን፤ አስጎብኚ ተብሎ የተመደበልን ሰው ከመደብሩ ጋር የነበረው መግባባት የእንግድነት እንዳልነበረ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ሞንሳንቶ ስንደርስ እኩለ ቀን አልፎ ነበር። የዚያ አገር የነሐሴ ቀትር ምን እንደሚመስል ለድርጅታችሁ መንገር አያስፈልገኝም፤ ግራናይቱ ራሱ እንደ ምጣድ ግሎ ከሥር ይፋጅ ነበር። በዚህ ላይ መግለጫው «አውቶቡሱ እስከ ምሽጉ በር ያደርሳችኋል» ቢልም፣ የመንደሯ ጎዳናዎች ጠባብና ቀጥ ያሉ አቀበቶች በመሆናቸው ትልቅ መኪና ወደ ላይ አይወጣም፤ ስለዚህ ሁላችንም ከታች ተራገፍን። በምርኩዝ የሚሄዱ አረጋውያን በመካከላችን እንዳሉ በምዝገባው ቅጽ ላይ በግልጽ አስፍረናል። ከእነርሱ ሦስቱ ገና አቀበቱ ሲጀምር ከአንድ ግንብ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቀሩ፤ እንደ ሌሎቻችን ከፍለው መንደሯን ከግርጌዋ አይተው ተመለሱ ማለት ነው።

ሽቅብ የወጣነውስ ምን አየን? ምሽጉ ዘንድ የደረስነው ለመመለሻ በተሰጠን ሰዓት ዋዜማ ላይ ነበር። አስጎብኚው ፍርስራሹን እያመለከተ «የናፖሊዮን ወታደሮች በመድፍ ያፈረሱት ነው» ብሎ ዘጋው። ምሽጉን የጎዳው ግን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የራሱ የባሩድ ማከማቻ ስለፈነዳ ነው። የፖርቱጋል የመጀመሪያው ንጉሥ አፎንሶ ኤንሪኬስ እ.ኤ.አ. በ1165 ቦታውን ለቴምፕላር ፈረሰኞች ማኅበር መስጠቱንና ምሽጉን የገነቡትም እነርሱ መሆናቸውን ከአፉ አልሰማንም። መግለጫችሁ «በቅጥሩ ላይ ቆመን የጥጃዋን ታሪክ እንሰማለን» ይል ነበር፤ ታሪኩን ያወቅነው ግን ከጉዞው በፊት በግላችን ባነበብነው ነው። በአፈ ታሪኩ መሠረት መንደርተኞቹ በጠላት ከበባ ረኃብ በጸናባቸው ጊዜ የቀረቻቸውን ጥጃ የመጨረሻውን ስንዴ አብልተው ከቅጥሩ አናት ወረወሯት፤ ከባቢዎቹም ሆዷ ሲፈነዳ የተበተነውን እህል አይተው «እነዚህስ ገና ጠግበው ያድራሉ» ብለው ከበባውን አነሡ። ዛሬም በአውሮፓውያኑ ሜይ ወር መጀመሪያ በሚከበረው በዓል ሴቶቹ ለዚሁ መታሰቢያ አበባ የተሞላ እንስራ ከምሽጉ ላይ ይወረውራሉ። ይህን የሚያህል ታሪክ በቦታው ቆሞ ለመንገር ዐሥር ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ስለ ዶሮውም እንዲሁ ነው። በሉካኖ ግንብ ላይ ያለው አውራ ዶሮ «ከሙሮች (አገሩን ቀድሞ ይገዙ ከነበሩት ሙስሊሞች) ዘመን የቀረ የነፋስ ማመልከቻ» እንደሆነ ተነግሮናል። እውነቱ እ.ኤ.አ. በ1938 ሞንሳንቶ «ከሁሉ ይልቅ ፖርቱጋላዊት መንደር» ለመባል በተደረገው ውድድር አሸንፋ የብር አውራ ዶሮ መሸለሟና በግንቡ ላይ የቆመውም የዚያ ሽልማት ቅጂ መሆኑ ነው። መንደሯ ከሌላው ሁሉ የምትታወቅበትን ይህን ነገር ያላወቀ ሰው በምን መመዘኛ ለዚህ ጉዞ እንደተመደበ ድርጅቱ እንዲያስረዳን እንፈልጋለን።

ይበልጥ ያሳፈረን ግን የሚከተለው ነው። በአንድ ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት አሮጊት በመስቀል ቅርጽ በታሰሩ እንጨቶች ላይ ቀለም ቀለም ያለው ጨርቅ እየደራረቡ አሻንጉሊት ይሠሩ ነበር። አሻንጉሊቷ ማራፎና ትባላለች፤ ዓይን፣ ጆሮና አፍ የላትም። በአካባቢው ልማድ በሠርጉ ሌሊት ከሙሽሮቹ አልጋ ሥር ትቀመጣለች፤ ልጅ እንዲሰጣቸው ትረዳለች ተብሎ ይታመናል፤ የማታይ፣ የማትሰማ፣ የማትናገር በመሆኗም የሙሽሮቹን ምሥጢር ትጠብቃለች፤ ቤትን ከመብረቅ ትከላከላለች የሚሉም አሉ። ሴትዮዋ ሥራቸውን አቁመው፣ የጨርቁን ጫፍ በጣታቸው ይዘው በፖርቱጋልኛ በትዕግሥት ሊያስረዱን ጀመሩ። አስጎብኚው ሊያስተረጉም ሲገባው በአማርኛ «የመተት ዕቃ ነው፣ አትንኩት» ብሎ ሳቀ። ሴትዮዋ ቋንቋውን ባይሰሙም ሳቁን ሰምተዋል፤ አሻንጉሊቷን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ዝም አሉ። በሰው ደጅ ቆሞ የሰውን ልማድ ማቃለል በእኛም ዘንድ ነውር እንደሆነ ድርጅታችሁ አይዘነጋውም።

ከምሽጉ ቅጥር ውጭ ያለችውን የቅዱስ ሚካኤልን ቤተ ጸሎት ማየት ለእኛ የጉዞው ዋና ምክንያት ነበር ማለት ይቻላል። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሮማንስክ አሠራር የተሠራች፣ ዛሬ ጣሪያዋ የፈረሰ፣ በአጠገቧም በሰው ቁመት ልክ በድንጋይ ላይ የተፈለፈሉ መቃብሮች ያሉባት ስፍራ ናት። መግለጫው ፎቶግራፏን በሙሉ ገጽ አውጥቶታል። እኛ ግን ከሩቅ ዐየናት እንጂ አልደረስንባትም፤ «አውቶቡሱ ይሄዳል» ተባልን። የሚካኤልን ስም ሰምተው ዣንጥላና ነጠላ ይዘው የመጡ እናቶች ከሩቅ ተሳልመው ተመለሱ።

በኢዳንያ-አ-ቬልያ የሆነውን በአጭሩ እገልጻለሁ። በሮማውያን ዘመን የተቆረቆረችው፣ ከሮማውያን በኋላ አገሩን በገዙት በቪሲጎቶች ዘመን የጳጳስ መንበር የነበረችው ይህች መንደር የደረስንባት በሮች ሁሉ ከተዘጉ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ጥንታዊውን ካቴድራልም ሆነ በግዙፍ የዛፍ ግንድ የሚሠራውን የወይራ ዘይት መጭመቂያ ከውስጥ አላየንም። ቴምፕላሮች በሮማውያን ቤተ ጣዖት መሠረት ላይ ያቆሙትን ግንብ ዞረን ወጣን። የመዝጊያ ሰዓትን አስቀድሞ ማጣራት የአስጎብኚ ድርጅት የመጀመሪያ ሥራ ነው።

የፔንያ ጋርሲያ የእግር ጉዞ ደግሞ ጭራሹን ተሰርዟል። ለወጣቶቻችን ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነበር። የፖንሱል ወንዝ ኳርትዛይት የተባለውን ጠንካራ ድንጋይ ሰንጥቆ በሠራው ሸለቆ ውስጥ፣ ዛሬ ግድግዳ ሆነው በቆሙት የድንጋይ ንጣፎች ላይ፣ ከ480 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ወለል ላይ የተሳቡት፣ ዛሬ ዘራቸው የጠፋው ትሪሎባይት የተባሉ የባሕር እንስሳት የተዉት ዱካ ይታያል፤ ከሸለቆው ግርጌም አሮጌ የውኃ ወፍጮዎች ተሰልፈዋል። የመሰረዙ ምክንያት ሙቀቱ እንደሆነ ተነገረን። ሙቀቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የእግር ጉዞው በመርሐ ግብሩ የተያዘው ለማለዳ ነበር፤ ማለዳው የት እንደዋለ ከላይ ጽፌያለሁ።

በመጨረሻ ስለ ኮቪልያ ከተማ። መግለጫችሁ ይህን ጉዞ ለኢትዮጵያውያን የተለየ የሚያደርገው «የፔሮ ዳ ኮቪልያን አገር» መጎብኘቱ እንደሆነ ይናገራል፤ በዚህም ከተራ ጉዞ ከፍ ያለ ዋጋ ጠይቃችኋል። ፔሮ ዳ ኮቪልያ የፖርቱጋሉ ንጉሥ ዡዋው ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1487 ከካስቴሎ ብራንኮው ተወላጅ ከአፎንሶ ደ ፓይቫ ጋር የላከው ሰው ነው። ፓይቫ በመንገድ ሲሞት እርሱ ኢትዮጵያ ደርሶ በዐፄ እስክንድር ፊት ቀረበ፤ ከዚያም እንዳይመለስ ተከልክሎ፣ ርስት ተሰጥቶት፣ ሚስት አግብቶ በአገራችን ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1520 በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቡድን አርጅቶ አግኝቶታል። በትውልድ ከተማው አደባባይ ሐውልት ቆሞለታል። አስጎብኚው ይህን ሰው በአውቶቡስ ውስጥ በድምፅ ማጉያ «ቫስኮ ዳ ጋማ የላከው» ብሎ አስተዋወቀው፤ ቫስኮ ዳ ጋማ ግን ወደ ሕንድ የተጓዘው ገና ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። ከተማዋንም አላየናትም። «ከመንገዳችን ይርቃል» የሚለው መልስ ተቀባይነት የለውም፤ ርቀቱ መግለጫው ሲታተምም ያው ነበር።

ከተመለስን በኋላ በስልክ ላቀረብነው አቤቱታ ከቢሯችሁ የተሰጠን መልስ አስጎብኚውና አውቶቡሱ «የሌላ ድርጅት በመሆናቸው እኛን አይመለከተንም» የሚል ነው። ውሉን የተዋዋልነው ከእናንተ ጋር ነው። በአውሮፓ ኅብረት የጥቅል ጉዞ መመሪያ ቁጥር 2015/2302 መሠረት አገልግሎቱን በተግባር የሰጠው ማንም ይሁን ማን ለአፈጻጸሙ ተጠያቂው ጉዞውን ያዘጋጀው ድርጅት ሲሆን፣ በውሉ ከተካተቱት አገልግሎቶች የተጓደለ ሲኖርም ተጓዡ ተመጣጣኝ የዋጋ ቅናሽ የማግኘት መብት አለው።

ስለዚህ ላልተፈጸሙት የፔንያ ጋርሲያና የኮቪልያ ጉብኝቶች የተከፈለው ገንዘብ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ እንዲመለስ፣ በከፊል ለተጓደሉት የሞንሳንቶና የኢዳንያ-አ-ቬልያ ጉብኝቶች ተመጣጣኝ ቅናሽ እንዲደረግ፣ አቀበቱን መውጣት ላልቻሉት አረጋውያን የሞንሳንቶው ክፍያ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ እንጠይቃለን። የአማርኛው መግለጫም ከላይ በጠቀስኳቸው ነጥቦች ተስተካክሎ እስኪታተም ድረስ ለሌሎች ማኅበራት እንዳይሰራጭ እናሳስባለን፤ በመጪው ጸደይ በዚሁ መግለጫ ለመሄድ የተመዘገቡ ወገኖች እንዳሉ ሰምተናል። መልሳችሁን በጽሑፍ፣ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እንጠብቃለን። በተባለው ጊዜ መልስ ካላገኘን ጉዳዩን ለሚመለከተው የሸማቾች ጥበቃ አካል እናቀርባለን።

ከሰላምታ ጋር
የተጓዦቹ ተወካይ

አባሪ፦ የክፍያ ደረሰኝ፣ የጉዞ መግለጫ፣ የምዝገባ ቅጽ ቅጂ
ግልባጭ፦ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ ለጉዞው ተሳታፊዎች በሙሉ