ከምጣዱ ጎን ጀምሪ

ጎንደር፣ ሐምሌ

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፣

እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹ እንዴት ናቸው? ትንሿ ትምህርት ቤት ገባች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሊሆነን ነው እኮ። መልእክትሽ የደረሰኝ ሱቅ ውስጥ ስፌት ላይ ሆኜ ነው። እግሬን ከመርገጫው አንስቼ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቀሚስ ልትለካ የመጣች ደንበኛዬ «ምነው፣ ክፉ ወሬ ነው እንዴ?» አለችኝ። «ኧረ ደግ ነው» አልኳት፤ እንባዬ ግን መጣ።

ለምን ጠፋሽ አልልሽም። እኔም ጠፍቻለሁ። መጀመሪያ ኔትወርክ የሚባል ነገር አልነበረም። ቀጥሎ እናቴ ታመመች። አምና መጋቢት ላይ አረፈች። ወዲያው ሳልነግርሽ በመቅረቴ አፈርኩ፤ ማፈሬ ደግሞ ሌላ ወር ጨመረ፣ ከዚያ ሌላ ወር። ይቅር በይኝ። አንቺን እንደ ልጇ ነበር የምታይሽ።

«በየቀኑ አንድ ፎቶ ላነሳ አስቤያለሁ፤ ግን እዚህ ምን አለና? ጎንደር ብሆን ኖሮ ቤተ መንግሥቱ አለ፣ ጥምቀቱ አለ» ብለሻል። ይህን ሳነብ ነው ረዘም አድርጌ መጻፍ አለብኝ ያልኩት። እኔም ከካቻምና ሐምሌ ጀምሮ በየቀኑ አንድ ፎቶ አነሳለሁ። ለማንም ሳልናገር ነው የጀመርኩት።

ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ የመጀመሪያውን ዓመት ቆጠርኩልሽ። 338 ፎቶ ነው። ከነዚህ ውስጥ ፋሲል ግቢ ያለባቸው ስንት ይመስሉሻል? 11። ሱቄ ከጃንተከል ዋርካ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ግንቡን ሳላየው የምውልበት ቀን የለም። ከ11ዱ አሥሩ ማንም መንገደኛ የሚያነሳው ዓይነት ነው። አንዷን ብቻ እወዳታለሁ። የባጃጅ ሾፌር ዋርካው ሥር ቆሞ የጎን መስታወቱን በጨርቅ ይወለውላል። መስታወቱ ውስጥ የእንቁላል ግንቡ፣ የአፄ ፋሲል ቤተ መንግሥት፣ ጫፍ ገብቷል። እሱ ግን ግንቡን አያየውም፤ የሚያየው እድፉን ነው።

የቀሩት 327 የቤት ነገር ናቸው። የክር ጥቅል። የታጠበ ጣሳ። የጎረቤት ድመት። ሳሙና በር ሰፈር ዝናብ ያስጠለላቸው ተማሪዎች። ደግሞ ምጣድ፣ በጣም ብዙ ምጣድ። የማዕድ ቤታችን ቆርቆሮ ላይ ሚስማር የወጣበት ቀዳዳ አለ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ በዚያ ትገባለች። እንጀራ የምንጋግርበት ቀን ጭሱ ቤቱን ሲሞላው ያቺ ጨረር እንደተወጠረ ክር ቁልጭ ብላ ትታያለች። ጭስ በሌለበት ቀን የለችም። ያረፈችበት ነገር ሲኖር ነው የምትታየው። በዚያ ቀዳዳ ሥር ተወልጄ አድጌ፣ ያየኋት በየቀኑ የሚነሳ ነገር መፈለግ ስጀምር ነው።

ስለ እናቴ አንድ ነገር ልንገርሽ። ይህን እስከዛሬ ለማንም አልነገርኩም።

ካረፈች በኋላ ሲያጥቧት የጋብቻ ቀለበቷን ከማተቧ ጋር ታስሮ አገኙት። ለምን ከጣቷ አውልቃ እዚያ እንዳሰረችው ማናችንም አላወቅንም። ከወራት በኋላ ፎቶዎቹን ሳገላብጥ ኅዳር ላይ ያነሳኋት አንዲት ፎቶ ላይ ደረስኩ። ያን ቀን መሽቶብኝ ምንም አላነሳሁም ነበር። እሷ ደጃፍ ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። የማነሳው አጥቼ እጇን አነሳሁት፤ ፊቷ እንኳ የለበትም። ደብተሬ ላይም «ምስር» ብዬ ብቻ ጽፌያለሁ። ጣቷን አተልቄ ሳየው ቀለበት የለም። ወደ ኋላ ሄድኩ። ጥቅምት ላይ ቡና ስትቀዳ ቀለበቱ አለ፤ ግን እንዳይወልቅ ክር ጠምጥማበታለች። ነጭ ክር፣ ከሱቄ የወሰደችው። መስከረም ላይ ያለ ክር ጣቷ ላይ ልክ ነው።

እየከሳች ነበር። ለእኛ አልነገረችንም። ሦስቱም ፎቶዎች የተነሱት የሚነሳ ነገር በጠፋ ቀን ነው። ቤተ መንግሥቱን ለማንሳት ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም አይኖሩኝም ነበር።

ስለዚህ እዚህ ምን አለ አትበይኝ። አንቺ ያለሽበትን ከተማ ስም አስቢው እስቲ። ደብረ ብርሃን! አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ የታየውን ብርሃን ምክንያት አድርገው የቆረቆሩት ከተማ ነው። እኛ ጋ ያለችው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ስሟን ከዚያው ወስዳለች። ልጅ ሆነን ጣሪያዋን አንጋጠን ስናይ ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ የመላእክቱ ፊት ከመቶ በላይ ነው። ከሩቅ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ቆም ብለሽ ስታዪ ግን የአንዱ ዓይን ወደ ጎን ያያል፣ የአንዱ ቅንድብ ወፈር ይላል። ሠዓሊው አንድን ፊት ደጋግሞ ሲሥል መሰልቸቱን አላውቅም። እኔ ግን ምጣዱን ለሃምሳኛ ጊዜ ሳነሳ እሱን አስበዋለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። ካሜራ አትግዢ። ያለሽ ስልክ ይበቃል። ከማንሳትሽ በፊት ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊው፤ የኛ የማዕድ ቤት ሰዎች ስልክ ዘይት አያጣም፤ ብዥታው ግማሹ ከዚያ ነው። ዙም አታድርጊ፤ ዙም ስታደርጊ አብዛኛው ስልክ ምስሉን ቆርጦ ነው የሚያተልቀው። በእግርሽ ቅረቢ።

ሌላው ሁሉ ብርሃን ነው። ሀገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ቀጥ ብላም ትጠልቃለች። ያ ለስላሳው ወርቃማ ብርሃን ብዙ አይቆይም። ጠዋት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ፤ በቃ። የፋሲል ግንብ ድንጋይ ራሱ ቀን ላይ ግራጫ ቡኒ ነው፤ ማታ 11 ተኩል ላይ ግን የድፎ ዳቦ ቅርፊት ይመስላል። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የሰው ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል። ያኔ ሰውየውን በር ላይ አቁሚው። አንድ እርምጃ ወደ ጥላው አስገቢውና ፊቱን ወደ ውጭ ይመልስ። ከዚያ የተሻለ ስቱዲዮ የለም።

ነጠላ የለበሰ ሰው ስታነሺ ደግሞ ተጠንቀቂ። ስልኩ ነጩን ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ምስሉን ሁሉ ያጨልመዋል፤ ፊት ይጠቁራል። የመጀመሪያው ዓመት የጥምቀት ፎቶዬ እንዲህ ነው የጠፋብኝ፤ ነጭ ልብስና ፊት የሌለው ሰው። ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣትሽ ንኪው። የፀሐይ ምልክት ብቅ ትላለች። ጣትሽን ወደ ላይ ስትስቢ ይፈካል፣ ወደ ታች ስትስቢ ይጨልማል። ይህቺን ብቻ አንድ ሳምንት ተለማመጂ።

መስከረም 1ን ልጠብቅ ብለሻል። አትጠብቂ። ሐምሌ ጥሩ ነው። ደመናው ፀሐይዋን እንደ ነጠላ ይሸፍናትና ጥላው ሁሉ ይለሰልሳል። የአሮጊት ፊት፣ የእርጥብ ቅጠል፣ የጭቃ ቀለም የሚያምረው በክረምት ነው። እናንተ ጋ ደግሞ ጉም አለ። እኔ እዚህ ጉም የማገኘው በስንት አንዴ ነው። ጠዋት ከጉም ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚመጣ ሰው በር ላይሽ እያለፈ ምን አለ ትያለሽ?

ሰው ስታነሺ ግን አስፈቅጂ። «እትዬ፣ ላንሳዎት?» ማለት አይከብድም። እምቢ ካሉ እሺ በይና እለፊ። የጸጥታ ሰዎችንና ፍተሻ ያለበትን ቦታ አታንሺ፤ ስልክሽንም ራስሽንም ታስቸግሪያለሽ። ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ እናት አሉ። መጀመሪያ እምቢ አሉኝ። በሦስተኛው ሳምንት እሺ አሉኝ። አሳትሜ ስወስድላቸው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ተቀበሉኝ። ከዚያ ወዲህ ካላነሳኋቸው ይቆጣሉ።

አሁን ዋናው ነገር። ቀን ይዘለልሻል።

ጄሚ ሊቪንግስተን የሚባል የኒው ዮርክ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በ1997 እስካረፈበት ቀን ድረስ በቀን አንድ ፎቶ በፖላሮይድ ካሜራ አነሳ። 18 ዓመት፣ ከ6,000 በላይ ፎቶ። ብዙዎቹ ምንም አይደሉም፤ የምግብ ጠረጴዛ፣ ጓደኛ፣ መንገድ። ሲታመምም ሆስፒታል ሆኖ አላቆመም። እሱም እንኳ መጀመሪያ ላይ የዘለላቸው ቀናት አሉት። ይህን ሳውቅ ከደረቴ ላይ ድንጋይ የወረደልኝ ያህል ነበር።

የእኔ የተዘለሉት 27 ናቸው። 19ኙ ተከታትለው መጋቢት ላይ ነው። በቃ አለቀ፣ ተበላሸ፣ ብዬ ነበር። ስልኩን እንኳ ማየት አስጠላኝ። አንድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ገና ያልተመለሰ የእድሩ ትልቅ ድስት ታጥቦ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ፀሐይ ሲሞቅ አየሁት። ሳላስበው አነሳሁት። ደብተሬን ገልጬ የዚያን ቀን ቀን ጻፍኩ። ያለፉትን 19 መስመሮች ባዶ ተውኳቸው። ዛሬም ባዶ ናቸው። አልሞላኋቸውም፣ ሁለት ሁለት እያነሳሁም አልከፈልኳቸውም። አንቺም አትክፈዪ። ይህንን ደብዳቤም የጀመርኩት እንደዚያው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ዘንድሮ በደንብ ተቃጥዬበታለሁ። የካቲት ላይ ስልኬ አልበራም ብሎ አንድ ስልክ ቤት ሰጠሁት። ሲመልሱልኝ ባዶውን ነው። ሳይጠይቁኝ ሁሉን አጥፍተውታል። 52 ቀን ሄደ፤ የዘንድሮው ጥምቀት ሳይቀር። በዚህኛው ዓመት ፊቶቹን በትክክል አንስቻቸው ነበር። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። የመጀመሪያው ዓመት የተረፈው የእህቴ ልጅ ፍላሽ ላይ ስለገለበጠልኝ ነው። አንዱ ፎቶ አራት ሜጋባይት ቢሆን የዓመቱ 365 ፎቶ አንድ ጊጋባይት ተኩል አይሞላም። ትንሿ ፍላሽ ትበቃለች። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ገልብጪ። አንዷን ፍላሽ ደግሞ ሌላ ሰው ቤት አስቀምጪ።

መጀመሪያ ላይ ለሕዝብ አትለጥፊው። ሦስት ወር ለራስሽ ይሁን። ላይክ መቁጠር ከጀመርሽ ምስሩን ትተሽ ግንቡን ትፈልጊያለሽ። ለእኔ ግን ላኪልኝ። እኔ እንደሆንኩ ምጣድ አይሰለቸኝም።

የዛሬዋን አሳትሜ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። የእናቴ ሰፌድ ነው፣ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ። በመስኮት የገባው ብርሃን ግማሹን ብቻ ነክቶታል። ጠርዙ ላይ ክር የተፈታበት ቦታ ይታይሻል፤ እሱን ልጠግነው ስል ነው ያየሁት።

ነገ የምታነሺው ምንም ይሁን ምን በማግስቱ ላኪው። ብዥ ያለም ቢሆን።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ።

ያንቺው እህት