የምትሰቅዪው ፈሳሽና የታማሚው ኩላሊት

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ሰመመን መስጠት ልትጀምሪ ነውና ስለሚሰቀለው ፈሳሽ ጥቂት ልንገርሽ። ብዙ ሰው እንደ ውሃ ያየዋል፤ አንቺ እንደ መድኃኒት ቁጠሪው።

"ኖርማል ሳላይን" የሚባለው የጨው ውሃ ስሙ እንዳያታልልሽ። በሊትር 154 ሚሊሞል ክሎራይድ (ከጨው የሚመጣ ንጥረ ነገር) አለው፤ ደም ግን የሚይዘው ከ100 ብዙም የማይርቅ ነው። ብዙ ሊትር ሲገባ ደሙ ወደ አሲድነት ያደላል፤ ትርፉን ክሎራይድ ኩላሊት ሲያገኘው ወደ ማጣሪያው ደም የምታስገባውን ቀጭን ሥር ያጠብባታል። ሪንገር ላክቴት የሚባለው ሌላው ፈሳሽ ክሎራይዱ 109 ገደማ ስለሆነ ለአብዛኛው ታማሚ እሱን አስቀድሚ። ነገሩን ግን አታጋኚው፤ አንድ ሊትር ሳላይን የጤነኛ ሰው ኩላሊት አያበላሽም።

"ሪንገር ፖታሲየም አለው፣ ለኩላሊት ታማሚ አይሆንም" ይሉሻል። ያለው በሊትር 4 ሚሊሞል፣ የደሙን ያህል ነው። ይልቅ ሳላይን የሚያመጣው አሲድነት ፖታሲየምን ከሕዋስ ወደ ደም ይገፋል። ሳላይን የሚመረጠው ጭንቅላቱ ለተጎዳ ሰው ነው፤ ሪንገር ከደም ትንሽ ስለሚቀጥን የአንጎልን እብጠት ሊያባብስ ይችላል። ከስታርች የተሠራውን ፈሳሽ ግን ተይው፤ ኩላሊት ይጎዳል።

መጠኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት፣ ትልቅ የሆድ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 3,000 ያህል ሰዎች መካከል ፈሳሽ እጅግ ከተቆጠበባቸው 8.6 በመቶው፣ በለጋስ እጅ ከተሰጣቸው 5 በመቶው ኩላሊታቸው ተጎዳ። ትርፉም አይጠቅምም፤ ኩላሊት በጠንካራ ሽፋን ስለተጠቀለለ ሲያብጥ ቦታ አጥቶ ይታፈናል።

በቀዶ ሕክምናው መሃል ሽንት አነሰ ብለሽ ብቻ ፈሳሽ አትጨምሪ። ሰውነት ሲጨነቅ ውሃ የሚያስቀር ሆርሞን ያመነጫል፤ ለላፓሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ ለሚሠራ ቀዶ ሕክምና) በጋዝ የተነፋ ሆድም ሽንት ይቀንሳል። በቅድሚያ የሽንት ቱቦው (ካቴተሩ) እንዳልታጠፈ እዪ፤ ከዚያ የደም ግፊቱን። አማካይ ግፊቱ ከ65 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከወረደ፣ ደምም ካልፈሰሰ፣ ብዙ ጊዜ ሰመመኑ ያላላው የደም ሥር ነው፤ መፍትሔውም ግፊት የሚያነሳ መድኃኒት እንጂ ሌላ ሊትር አይደለም። ከተጠራጠርሽ 250 ሚሊ ሊትር በ10 ደቂቃ ስጪና ግፊቱና የልብ ምቱ ሲለወጥ እዪ። ካልተለወጠ አቁሚ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ክሬቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያስወግደው ቆሻሻ) በ48 ሰዓት ውስጥ በዴሲ ሊትር በ0.3 ሚሊ ግራም ከጨመረ፣ ወይም 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለ6 ሰዓት በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ከሸና፣ ኩላሊቱ ተጎድቷል። የገባው ፈሳሽ ክሬቲኒኑን አቅጥኖ ጉዳቱን ሊሸፍን ስለሚችል ምን ያህል እንደሰጠሽ መዝግቢ። ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ፣ ያን ለኩላሊት የሚከብድ ማስታገሻ፣ ከማዘዝሽ በፊትም እነዚህን ቁጥሮች ተመልከቻቸው።

እናትሽ