«ኦብጀክሽን!» የበዛበት ዓመት፦ የፊልምና ክርክር ክበብ ዘገባ

ዘገባው ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ ተብያለሁ። ይበልጣል። ከወዲሁ ይቅርታ።

ዘንድሮ ክበባችን ከጥቅምት እስከ ግንቦት አንድ ተከታታይ ፊልም ብቻ ሲያይ፣ ሲያማና ሲጨቃጨቅበት ከረመ። ስንጀምር 14 ነበርን። ሚያዝያ ላይ 31 ደርሰን ወንበር ከመምህራን ክፍል እስከ መዋስ ደረስን። ነገሩ ታስቦበት የተጀመረ አይደለም። የአንዲት ባልደረባችን ወንድም አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። ለእንቁጣጣሽ ሲመጣ የቆየ ዲቪዲ በሳጥን ይዞ መጣና «እኔ እንግሊዝኛ የለመድኩት በዚህ ነው፣ ልጆቹም ይልመዱበት» ብሎ ሰጠን። «ሎው ኤንድ ኦርደር» ይላል ሳጥኑ።

ለማያውቀው ላስተዋውቅ። የኒውዮርክ የፖሊስ ድራማ ነው። ዲክ ዎልፍ የሚባል ሰው ፈጠረውና እ.ኤ.አ. በ1990 በኤንቢሲ ጣቢያ ጀመረ። ሃያ ምዕራፍ፣ 456 ክፍል ከሄደ በኋላ በ2010 አቆሙት። በ2022 ደግሞ ካቆመበት ቀጠለ። አሠራሩ ቀላል ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ መርማሪ ፖሊሶቹ ተጠርጣሪውን ይይዛሉ፣ በሁለተኛው አጋማሽ ዐቃቤ ሕጎቹ ይከራከራሉ። በየመሀሉ ጥቁር ስክሪን ላይ ቦታና ቀን ይጻፍና «ዱን ዱን» የሚል ድምፅ ይመታል። ማይክ ፖስት የሚባል ሙዚቀኛ የሠራው ድምፅ ነው። አሁን የኛ ትምህርት ቤት ድምፅ ሆኗል፤ አንድ ልጅ አርፍዶ ክፍል ሲገባ ከኋላ ሁለት ጊዜ ዴስክ የሚመታ አይጠፋም። የባዮሎጂ መምህራችንም ፈተና ሲመልሱ «ኦብጀክሽን!»፣ ጠበቆቹ ችሎት ላይ «እቃወማለሁ» ሲሉ የሚጮኹት፣ ተባልኩ ብለው ከሰውኛል። ጥፋቱን አምኛለሁ።

አንዱ ክፍል 45 ደቂቃ ገደማ ነው፣ የአንድ ክፍለ ጊዜ ያህል። ይሄ ለልጆቹ ትልቅ ነገር ሆነ። በቃና የቱርክ ድራማ ያደጉ ናቸው፤ እዚያ አንድ ሚስጥር እስኪወጣ ስንት ወር ይጠበቃል። እዚህ ግን ሰው ይሞታል፣ ይያዛል፣ ይፈረድበታል፣ ያልቃል። ግማሾቹ ወደዱት። ግማሾቹ ደግሞ «ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ ሚስት የለውም እንዴ? ቤቱ የት ነው?» እያሉ አስጨነቁኝ። እውነታቸውን ነው፤ ይሄ ድራማ መርማሪዎቹን ቤታቸው ድረስ ተከትሎ አይገባም ማለት ይቻላል። እኔ የምወደውም ለዚሁ ነው፤ እነሱን ግን እስከ መጨረሻው ማሳመን አልቻልኩም።

ዋናው ጭቅጭቅ ሌኒ ብሪስኮ ላይ ነበር። ሽማግሌው መርማሪ፣ ጀሪ ኦርባክ የሚጫወተው። ከ1992 ጀምሮ ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል እሱ ነው ድራማውን የተሸከመው። ልማዱ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ላይ አስከሬን አጠገብ ቆሞ አንዲት ቀልድ ጣል ያደርጋል፣ ከዚያ ሙዚቃው ይገባል። ወንዶቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ግን ተነስታ «ሬሳ ፊት ይቀለዳል? እናቱ ብትሰማስ?» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። አሜሪካኖቹ ለዚያች ቀልድ ሲሉ ነው የሚያዩት ብላቸውም ልጅቷ አልተመለሰችም። «እኛ ሰፈር ቢሆን ከለቅሶው ያባርሩት ነበር» ብላ ተቀመጠች።

ሁለተኛው የሳቅ ምንጭ ምስክሮቹ ናቸው። ፖሊስ ሊያናግራቸው ይመጣል፣ እነሱ ሥራቸውን አያቆሙም። ካርቶን ይጭናሉ፣ ዕቃ ያጥባሉ፣ አበባ ያጠጣሉ፤ እየሠሩ ይመልሳሉ። አሜሪካ ያሉ ተመልካቾችም በዚህ ሲቀልዱ ኖረዋል። የኛዎቹ ከሦስተኛው ክፍል በኋላ መቁጠር ጀመሩ። «የሰው ነፍስ ጠፍቶ ፖሊስ ቤቴ መጥቶ እኔ ካርቶን እቆልላለሁ? ወንበር አልሰጥም? ቡና አላፈላም?» ያለችው የክበቡ ሊቀመንበር ናት። ትክክል ናት። እኛ ጋ ምርመራው ሳይጀመር ሁለተኛው ይደርስ ነበር።

የቆዩት ክፍሎች ላይ ሞባይል የለም። መርማሪዎቹ ሳንቲም አስገብተው ከመንገድ ስልክ ይደውላሉ። «ለምን ሎኬሽን አይላላኩም?» ተብዬ ተጠይቄአለሁ። ሴቶቹ ደግሞ ከሁሉ ቀድመው አንድ ነገር ያዙ፤ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ከዋና ዋናዎቹ ተዋንያን ውስጥ አንድም ሴት የለችም። እውነት ነው። በ1993 ጣቢያው ሴት ካልገባች ብሎ ከያዘ በኋላ ነው ሁለት የገቡት። አንደኛዋ ኤፓታ መርከርሰን ናት፤ የመርማሪዎቹን አለቃ አኒታ ቫን ቢውረንን ሆና እስከ 2010 ቆየች። ሴቶቹ እሷን «እትዬ አኒታ» ብለው ነው የሚጠሯት።

ወደ ችሎቱ ልምጣ። እስከ ታኅሣሥ ድረስ አብዛኞቹ ሁለተኛውን አጋማሽ አይወዱትም ነበር። ሌባው ከተያዘ ምን ቀረ ባይ ናቸው። ሳም ዋተርስተን የሚጫወተው ዐቃቤ ሕግ ጃክ ማኮይ ሲከራከር ሹልክ ብሎ ወደ ቅርጫት ኳስ የሚወጣ ነበር። ያዳነን መብራት መሄዱ ነው። አንድ ዓርብ፣ ከተራው ሰው የተመረጠው የአሥራ ሁለት ፈራጆች ጉባኤ፣ እነሱ ጁሪ የሚሉት፣ ተመካክሮ ተመልሶ ገብቷል። ተወካዩ ወረቀቱን ይዞ ተነስቷል። አፉን ሊከፍት ሲል ጥፍት።

እንደዚያን ቀን የተጯጯኹበት ጊዜ የለም። ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው በስልክ መብራት እየተያዩ ፍርዱን ራሳቸው ሊሰጡ ሞከሩ። በኒውዮርክ ከባድ ወንጀል ላይ አሥራ ሁለቱም መስማማት አለባቸው ስላልኳቸው አሥራ ሁለት ሰው መርጠው ለብቻ አስቀመጡ። አልተስማሙም። አንዱ ልጅ «ሕግ ያልተማረ ሰው እንዴት ሰው ላይ ይፈርዳል? እኛ አገር ዳኛ ነው የሚፈርደው» አለ፤ ሌላው «ሽማግሌስ ሕግ ተምሮ ነው የሚያስታርቀው?» ብሎ መለሰለት። እንዲህ እያሉ መሸ። ጥበቃው መጥቶ አስወጣን። ከዚያ በኋላ መብራት ባይሄድም ከፍርዱ በፊት ሆን ብዬ ማቆም ጀመርኩ። ተራገሙኝ፣ ግን ማንም ወደ ኳስ አልወጣም።

እንደ ዜግነት መምህር ያናደደኝን ልንገራችሁ። በኅዳር መጨረሻ ከክበቡ ልጆች ግማሾቹ የአሜሪካ ፖሊስ ካቴና ሲያስገባ የሚለውን በቃላቸው ይዘውት ነበር፤ ዝም የማለት መብት አለህ፣ የምትናገረው ሁሉ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብብሃል፣ ጠበቃ የማግኘት መብት አለህ። ይሄ የጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ1966 የወሰነው ነገር ነው። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ ሁሉም «የለም» አሉ። ሕገ መንግሥቱን አወጣሁና አንቀጽ 19ን አስነበብኳቸው። የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት አለው፤ የሚናገረው ቃል ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። መጽሐፋቸው ውስጥ አለ! ለፈተና አጥንተውታል! አንዱ «ቲቸር፣ በአማርኛ ሲሆን እኮ ፊልም አይመስልም» አለኝ። ምን ይባላል።

ከዚያው ጋር የተያያዘ ሌላ ጉዳይ ነበር። ብሪስኮና አብሮት የሚሠራው መርማሪ ተጠርጣሪውን ለብቻው አስቀምጠው «ጓደኛህ ሁሉንም ተናግሮብሃል» ይሉታል፤ ጓደኛው ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የአሜሪካ ሕግ ፖሊስ እንዲህ ብሎ መዋሸቱን ብዙ ጊዜ ይፈቅዳል። ክበቡ ለሁለት ተሰነጠቀ። «ጎበዝ!» የሚሉ አሉ፣ «ሌባ በሌባ ዘዴ ከተያዘ ማን ነው ሌባው?» የሚሉም አሉ። አንድ ዝምተኛ የ12ኛ ክፍል ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር አነሳ፤ ድራማው ሁሌም ፖሊሱን ተከትሎ ስለሚሄድ እኛም ሳናስበው ከፖሊሱ ጋር ሆነን ነው የምናየው አለ። በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ የሚባለው ጥቁር አሜሪካዊ በፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ይሄንኑ አንስተው እንደነበር፣ «ኮፕስ» የሚባለው የቆየ የፖሊስ ፕሮግራምም በዚያው ሰሞን ከጣቢያው እንደወረደ ነገርኩት። አልተገረመም። ያንን ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሦስት ጊዜ ነው የሰማሁት፣ ሦስቱንም ጊዜ ጆሮዬን አቁሜ።

አሁን ወደማልኮራበት ነገር። የካቲት ላይ ከሳጥኑ አንድ ዲስክ ጠፋ። አንዱ «አፈርሳታ እንቀመጥ» አለ፤ ድሮ ወንጀል ሲፈጸም ያገሬው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ወደ ቤቱ ሳይሄድ የሚውልበት ማለት ነው። የታክሲ ሰልፍ ስለሚረዝም ተተወ። በምትኩ ችሎት ይቋቋም ተባለ፣ እኔም በደስታ ፈቀድኩ። ሦስት ዳኛ፣ አንድ ጠበቃ፣ ዐቃቤ ሕጓ ሊቀመንበሯ። ተከሳሹ መጨረሻ ከክፍል የወጣው የ10ኛ ክፍል ልጅ ነው፤ ማኮይ በተሸነፈ ቁጥር «ፍትሕ የለም!» እያለ የሚጮኸው እሱው።

ቆሞ «አንቀጽ 19፣ ንዑስ አንቀጽ 2» ብሎ ዝም አለ። ላይብረሪው በጭብጨባ ተናጋ። ሊቀመንበሯ ግን ከብሪስኮ የተማረችውን አወጣች። «ጓደኛህ ነግሮናል፣ ቦርሳህ ውስጥ አይቶታል።» ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። ዞሮ ጓደኛውን አየው። ጓደኛው «እኔ ምንም አላልኩም!» ቢልም ማን ሰምቶት። ዳኞቹ ሁለት ለአንድ «ማስረጃ አልተሟላም» ብለው በነፃ አሰናበቱት፤ ሁለቱ ልጆች ግን አንድ ሳምንት አልተነጋገሩም። ማስቆም የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ እየሳቅሁ አየሁ። ሊቀመንበሯ ራሷ ሄዳ ሁለቱንም ሻይ ጋበዘቻቸውና ታረቁ። ከዚያ ወዲህ የ10ኛ ክፍሉ ልጅ ማኮይ ሲሸነፍ አልጮኸም።

ግንቦት ላይ ድምፅ ሰጠን። ምርጥ ገጸ ባሕርይ ብሪስኮ ሆነ፣ በ17 ድምፅ። ከድምፁ በፊት ስለ ተዋናዩ ትንሽ አነበብኩላቸው። ኦርባክ ድራማውን ከተወ ብዙም ሳይቆይ፣ በታኅሣሥ 2004 በካንሰር ነው የሞተው። ከሞተ በኋላ ዓይኖቹ እንዲለገሱ ተናዝዞ ስለነበር ሁለት ሰዎች በሱ ዓይን ማየት ቻሉ። አንዱ ከኋላ «ነፍስ ይማር» አለ። ያቺ ሬሳ ፊት አይቀለድም ያለችው የ9ኛ ክፍል ልጅ ወረቀቷን አጥፋ ሌላ ጻፈች። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

የ12ኛ ክፍሎቹ ሰባት ናቸው፣ ይወጣሉ። በመስከረም አዲስ አባላት እንቀበላለን፤ ዓርብ 9 ሰዓት፣ ላይብረሪ፣ ወንበር ቢቻል ይዛችሁ ኑ። ዲስኩ እስካሁን አልተገኘም። ያገኘው ሰው ላይብረሪ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ቢሄድ ማን ነህ ብሎ የሚጠይቀው የለም።